ከውስጥ የሚከፈት ፍርግርግ

የሰፈሩ ሰው «ጋሼ ፍርግርግ» ይለዋል። እናት አባቱ ያወጡለት ስም መታወቂያው ላይ ነው ያለው፤ መታወቂያውን ደግሞ የሚጠይቀው የለም። በያጅ ነው። በር ይሠራል፣ የተሰበረ አልጋ ይጠግናል፣ አንዳንዴም የውሃ በርሜል ማስቀመጫ ይበይዳል፤ ሠላሳ አራት ዓመት ያኖረው ሥራ ግን የመስኮት ፍርግርግ ነው። ከዋናው መንገድ አንስቶ እስከ ወንዙ ድረስ ብረት የለበሰ መስኮት ቢቆጠር፣ ከአሥሩ ስምንቱ የእሱ እጅ ነው።

አንድ ዐመል አለው። ከሰው ጋር እያወራም ቢሆን በመስኮት አጠገብ ሲያልፍ እጁን ሰደድ አድርጎ ብረቱን ነቅነቅ ያደርገዋል። ንቅንቅ ካላለ ወሬውን ካቆመበት ይቀጥላል። ከተነቃነቀ የሌላ በያጅ ሥራ ነውና «ይኼን የሠራውን ሰው እግዜር ይቅር ይበለው» ብሎ ያልፋል። በዚህ ዐመሉ ሁለት ጊዜ ሌባ ነው ተብሎ ተይዟል፤ ሁለቱንም ጊዜ ያስለቀቀው የቤቱ ባለቤት ራሱ ነው።

ሙያውን ያስተማረው ሽማግሌ ሁለት ነገር ነግሮት ነበር። አንደኛው፣ ጭንቅላት ያለፈበት ቀዳዳ ትከሻም ያልፍበታልና በብረትና በብረት መካከል ከአሥራ ሁለት ሳንቲም በላይ ክፍተት አትተው የሚል ነው። ሁለተኛው፣ በመፍቻ የታሰረ በመፍቻ ይፈታልና በብሎን አትመን የሚል ነው። ጋሼ ፍርግርግ ሁለቱንም ጠበቀ፤ ከራሱም ጨመረበት። የብረቶቹን ጫፍ ስንዝር ያህል ግድግዳው ውስጥ አስገብቶ በሲሚንቶ ይቀብራቸዋል፤ በላዩ ላይ ልስኑ ይመጣል። ለደንበኛው «ሌባ ይኼን ልንቀል ካለ ግድግዳውን ተሸክሞ ይሂድ» ይለዋል። ደንበኛም ደስ ብሎት ይስቃል። ቤት የሚያሠራ ሰው መስማት የሚፈልገው እንዲህ ያለውን ነው።

ስለ እሳት ጠይቆት የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እሱም ራሱን አልጠየቀም። የሚገርመው ደግሞ ቀኑን ሙሉ ከእሳት ጋር የሚውል ሰው መሆኑ ነው። ሱቁ በር ላይ አሸዋ የሞላ ባልዲ አለ፤ ሠራተኛው ብየዳ አጠገብ ጨርቅ ጥሎ ከተገኘ ሰማይና ምድር ይደባለቃል። ሱቁን እንዲህ ሲጠብቅ የሰው ቤት ግን ትዝ ብሎት አያውቅም። እሱ ሌባን ነበር የሚያስበው።

ነገሩ የተለወጠው አንድ ረቡዕ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ነው። ከሱቁ ሦስት መንገድ አለፍ ብሎ ጡረታ የወጡ መምህር ከባለቤታቸው ጋር ይኖሩ ነበር። የቤቱ በር አንድ ነው። ከበሩ ሥር ምድጃ፣ ከምድጃው አጠገብ ደግሞ መጋረጃ አለ። ባለቤታቸው ዘይት ጣዱና መምህሩ መድኃኒታቸውን መዋጣቸውን ለማየት ወደ መኝታ ቤት ገቡ። ከዚያ መመለስ አልቻሉም። እሳቱ መጋረጃውን ይዞ ኮርኒሱ ላይ ወጥቶ ነበር።

ሰው እየሮጠ ወደ ሱቁ መጣ። «ጋሼ! ና ብረትህን ክፈተው!»

ብረቱ የሚከፈት አልነበረም። ግን ይህን ቆሞ የሚያስረዳበት ሰዓት አይደለምና መቁረጫ ማሽኑን ተሸክሞ ሮጠ። ሲደርስ ጎረቤቶች የመንገዱን መብራት ከዋናው ላይ አጥፍተውታል። ማድረግ የሚገባቸውን ነው ያደረጉት፤ ማሽኑ ግን ያለ መብራት ከድንጋይ አይሻልም። የእጅ መጋዝ እስኪመጣለት ብረቱን በእጁ ይዞ ነቀነቀው። ንቅንቅ አላለም። ከዚያ መጋዙ መጣና ይቆርጥ ጀመር። ብረቱ አሥራ አራት ሚሊ ነው፤ ቀጭኑ ይብቃኝ ያሉትን መምህር አሳምኖ ወፍራሙን ያስመረጣቸው ራሱ ነበር። ሰዓቱን ያየ ሰው ኋላ እንደተናገረው ሁለት ብረት ቆርጦ ለማጠፍ አሥራ ስምንት ደቂቃ ፈጀበት። ሁለቱም በሕይወት ወጡ። ባለቤታቸው ግን ሐኪም ቤት በገቡ በሁለተኛው ቀን አረፉ። ቃጠሎ አልነካቸውም፤ ጭሱ ነው ተባለ።

ለልቅሶ ሲሄድ መምህሩ እጁን በሁለት እጃቸው ያዙት። «አንተ ባትደርስ ሁለታችንም ቀርተን ነበር። እድሜ ይስጥህ፣ ልጄ» አሉት። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ ነበር። ተሳድበው ቢያባርሩት ይሻለው ነበር፤ ለስድብ መልስ ይገኝለታል። ብዙም ሳይቆይ ተሰናብቶ ሲወጣ አንድ ነጋዴ ተከትሎ በር ላይ ደረሰበት።

«ጋሼ፣ ጊዜው እንዳልሆነ አውቃለሁ» አለው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ለአዲሱ ቤቴ እንደዚህ ያለውን ነው የምፈልገው። አሥራ ስምንት ደቂቃ! ያውም በሠሪው እጅ! ሌባ ቢሆን እኮ እስኪነጋ አይጨርሰውም።»

በዚያው ሳምንት ሦስት ሰዎች ይህንኑ ብለው ሱቁ መጡ። ክፉዎች ሆነው አይደለም። ሰው ያየውን ነው የሚያወራው፤ እነሱ ያዩት ብረቱ ሲጠነክር ነው። ጋሼ ፍርግርግ አራቱንም መለሳቸው። ከእንግዲህ የምሠራው በየቤቱ ቢያንስ አንዱ መስኮት ከውስጥ የሚከፈት ከሆነ ነው አላቸው። ነጋዴው ሌላ በያጅ ፈለገ።

ከዚያ መጀመሪያ የራሱን ቤት ብረት ቆረጠ። በማጠፊያ አንጠልጥሎ መቀርቀሪያ ሠራለት። ሚስቱ መስኮቱ ላይ ሁለት የድስት ክዳን በገመድ አሰረች። «ሌባ ከመጣ ቢያንስ ቀስቅሶን ይስረቅ» አለችው። ቀጥሎ ቤት ለቤት ዞረ። የሠራውን ሁሉ ያውቀዋል፤ ማስታወሻ አያስፈልገውም። አንዱን መስኮት በነጻ ቆርጬ የሚከፈት ላድርግላችሁ ይላል። የባለሱቋ መልስ «ሌባው በየት በኩል እንደሚገባ ምልክት ልታደርግለት ነው?» የሚል ነበር። ሹፌሩ ደግሞ «ግድግዳውን ተሸክሞ ይሂድ ያልከኝ አንተ አይደለህ እንዴ? አሁን ደግሞ በሩን ክፈትለት ልትለኝ ነው?» አለው። «ሳይቃጠል በቅጠል ነው» ቢለው፣ «ቅጠሉን ከሰው ቤት ሳይሆን ከራስህ ቤት ልቀም» ብሎ በሩን ዘጋበት። አንዲት አዋላጅ ብቻ ገና አፉን ሳይከፍት «ዛሬውኑ ቁረጥልኝ» አለችው። ከእሷ በኋላ አንድ አንድ እያሉ ወደ አሥር የሚጠጉ ቤቶች እሺ አሉ። የቀሩት ጆሮ ዳባ ልበስ ነው ያሉት።

እነሱስ ይሁኑ፤ የሰው ቤት ነው። እንቅልፍ የነሳው የእህቱ ቤት ነው።

እህቱ በአሥራ ሦስት ዓመት ትበልጠዋለች። እናታቸው ቀድማ ስለሞተች ያሳደገችው እሷ ናት። ዛሬ ሃምሳ ስምንት ዓመት ሞልቶት እንኳ ሊጠይቃት ሲመጣ የሸሚዙን ኮሌታ ገልብጣ ሳታይ አታስቀምጠውም። ብቻዋን ነው የምትኖረው። ጉልበቷ ስለማይታዘዛት ከአልጋዋ እስከ በሯ ስትሄድ ግድግዳውን እየያዘች ነው። በሯ አንድ፣ መስኮቷም አንድ ነው። መስኮቱ ላይ ያለው ፍርግርግ ደግሞ ጋሼ ፍርግርግ በእጁ የሠራው የመጀመሪያው ፍርግርግ ነው።

ያን የሠራበት ምክንያት አለ። ባሏ በሞተ በዓመቱ ትኩሳት ይዟት በጠራራ ፀሐይ ተኝታ ሳለች ሌባ በመስኮት ገባባት። የተኛች መሰለች። ሌባው ሬዲዮውን አነሳ፣ ሳጥኑን በረበረ፣ ከዚያ አልጋው አጠገብ መጥቶ ብርድ ልብሱን ከላይዋ ላይ ገፎ ወሰደው። ትንፋሿን ይዛ ዓይኗን ጨፍና ቆየች። ከዚያ ወዲያ ወር ሙሉ ቁጭ ብላ ታነጋ ጀመር። ያኔ እሱ ለማጅ ነበር። አስተማሪውን ሽማግሌ ለምኖ ትርፍራፊ ብረት ሰበሰበና መስኮቷ ላይ ቀበረላት። በማግሥቱ ሲመጣ ፀሐይ ወጥቶ በሩ አልተከፈተም። ደንግጦ ቢያንኳኳ ተኝታ ነበር የደረሰባት። ሥራውን የወደደው ያን ቀን ነው።

አሁን ያንኑ ብረት ልቁረጥ ሊላት ሄደ።

«እታለም፣ የመምህሩን ቤት ሰምተሻል አይደል?»

«ሰምቻለሁ። ነፍሳቸውን ይማር።»

«ያንቺም በር አንድ ነው። ምድጃሽም በሩ ሥር ነው።»

«እኔ ምድጃዬን ረስቼ አላውቅም።»

«እሳቸውም ረስተው አያውቁም ነበር።»

ገልብጣ ታየው የነበረውን ኮሌታውን ለቀቀችና «ስማኝ ወንድምዓለም» አለችው። «እሳት ካልለኮስኩት አይመጣም። ሌባው ግን ሳልጠራው ነው የመጣው።»

ሌላውን ሁሉ እሺ አለችው። ምድጃውን ከበሩ ሥር አንስቶ ወደ ጥግ ወሰደው። መጋረጃውን አወለቀ። ከአንድ ሶኬት ላይ ተደራርበው የተሰኩትን አራት ገመዶች ለያያቸው፤ አንደኛው ልጣጩ አልቆ ወደ ጥቁረት ሄዶ ነበር፤ ቀየረው። አሸዋ የሞላ ባልዲም አመጣላት። መስኮቱ ጋ ሲደርስ ግን «እሱን ተወው» ትላለች። አዋላጇን ልኮ አስመከራት። «ምክር ሰማሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ሸኘቻት። ይኼ ሁሉ ውሃ ወቀጣ ሆነ።

እሱም ሌላ ነገር ሲያጣ በቀን ሦስት ጊዜ መመላለስ ጀመረ። ጠዋት ወደ ሱቅ ሲሄድ፣ በምሳ ሰዓት፣ ማምሻውን። በሩ ላይ ቆሞ «ምድጃው ጠፍቷል?» ይላል። በምሳ ሰዓት የመጣ ዕለት በር ላይ ቆሞ አየሩን ያሸታል። ከሰፈሩ በላይ የእሳት አደጋ መኪና ድምፅ ከተሰማ የያዘውን ጥሎ ይሮጣል። ሚስቱ ከስቷል ትላለች። ሦስት ሳምንት እንዲህ ካደረገ በኋላ እህቱ በቃኝ አለች።

«አንተ ልጅ፣ ከእሳቱ በፊት አንተ ልትገድለኝ ነው!» አለችው። «እሺ፣ ቁረጠው። ግን አንድ ነገር አለ። ሠርተህ ስትጨርስ እኔ ውስጥ ሆኜ አንተ ከውጭ ትሞክራለህ። እንደ ሌባ። የቻልከውን ሁሉ ታደርጋለህ። ከከፈትከው ዕለቱን መልሰህ ትበይደዋለህ፤ ከዚያ ወዲያ ስለ መስኮት ለእኔ አታነሳም።»

«እሺ» አላት። ከራሱ ጋር እንዲወዳደር የተጠራ ሰው እሺ ከማለት በቀር ምን ይላል?

ለመቀርቀሪያው ሁለት ሳምንት ፈጀ። ከውጭ እጅ እንዳይደርስበት በላሜራ ሸፈነው። ሽቦ እንዳይስበው ወፍራም ሞላ አደረገለት፤ ተጭነው ወደ ታች ካልገፉት አይንቀሳቀስም። ሱቅ ውስጥ ሠራተኞቹን ተራ በተራ አስሞከራቸው። ሲያሸንፉት እንደገና አጠበቀው። የብረቱን ክፈፍ በማጠፊያ ሰቅሎ፣ ሥሩን ለስኖ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ገጠመው።

ሰፈሩ ለወሬ ሲባል አንደኛ ነውና ሰው ተሰበሰበ። ሹፌሩም ባለሱቋም መጥተዋል። እህቱ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጣ በመስኮቱ ታየዋለች። ጋሼ ፍርግርግ ሸሚዙን ጠቅልሎ ጀመረ። እጁን እስከ ክርኑ አስገባ፤ ላሜራው አገደው። ሽቦ ቆልምሞ ሰደደ፤ ሞላው መለሰው። ዱላ ሞከረ፣ መሮ ሞከረ። ያልሞከረው ነገር አልቀረም። ተመልካቹ «በርታ ጋሼ፣ ባለቤቷ ተኝታለች!» እያለ ይሳለቃል። ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል ያለም ነበር። አንድ ሰዓት ያህል ከታገለ በኋላ ላቡን ጠርጎ እጁን አወጣ።

«አልቻልኩም» አለ።

ሰው አጨበጨበ። ባለሱቋ እዚያው ቆማ «ለእኔም ሥራልኝ» አለችው። እህቱ በሠላሳ ዓመት ውስጥ እንዲያ ስትስቅ አይቷት አያውቅም ነበር።

«እሺ እታለም» አላት። «አሁን አንቺ ክፈቺው።»

ግድግዳውን ይዛ ተነሳች። አውራ ጣቷን መቀርቀሪያው ላይ አድርጋ ተጫነች። አልሄደም። ሁለቱን እጆቿን አደረገች። ጣቶቿ ከቁርጥማት የተነሳ መገጣጠሚያቸው አብጧል፤ ነጭ እስኪሆኑ ተጫነች። ሞላው ንቅንቅ አላለም። ሰውየው ሁለት ሳምንት ሙሉ የሌባን እጅ ሲያስብ የእህቱን እጅ ረስቶት ነበር። ተመልካቹ ገባውና አንድ አንድ እያለ ተበተነ። ሹፌሩ ብቻ ትንሽ ቆይቶ «አይዞህ ጋሼ» ብሎት ሄደ።

«ይሁን፣ እንዲሁ ተወው» አለችው ከውስጥ። «ያምራል። ማን ያቃጥለኛል?»

ጋሼ ፍርግርግ ብረቱን በሁለት እጁ ይዞ ግንባሩን አስደገፈበት። እህቱ አየችው። ልጅ ሆኖ ሲያመው እንዲህ ነበር ግንባሩን የሚያስደግፈው።

«የዚያን ቀን ምን አየህ?» አለችው።

ለሚስቱም አልተናገረውም ነበር። ለእሷ ነገራት። ጭሱ ክፍሉን ሲሞላ መምህሩ ራሳቸውን መያዝ አቅቷቸው ነበር። ሚስታቸው ከኋላቸው ቆመው፣ ጭንቅላታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ የባላቸውን አፍና አፍንጫ በብረቶቹ መሐል ወደ ውጭ አውጥተው ያዙ። ከመጋዙ የተረፈው ክፍተት ለአንድ ሰው ፊት ብቻ ነበር የሚበቃው። እሱ አጠገባቸው መጋዙን ይስባል። እሳቸው ከባላቸው ትከሻ ኋላ ሆነው ያዩታል። አልጮኹም፣ ቶሎ በልም አላሉትም። መምህሩ ተንፍሰዋል፤ እሳቸው አሥራ ስምንቱን ደቂቃ ከኋላ ቆመው ጭሱን ጠጡት።

«አሥራ ሁለት ሳንቲም» አላት። «አንድ መዳፍ ባሰፋው ኖሮ ሁለት ፊት ይበቃ ነበር።»

እህቱ ስለ ሴትዮዋ አልጠየቀችውም።

«ይኼን ሞላ ብታላላው እችለዋለሁ?» አለች።

«ትችያለሽ። ላሜራውንም ትንሽ ብቆርጠው ክርንሽ ይበቃዋል።» ሊዋሻት አልፈለገም። «ግን እንዲያ ካደረግኩት ከውጭም ይከፈታል፣ እታለም። ረጅም ክንድ ያለውና ሽቦ መቆልመም የሚያውቅ ሰው ሩብ ሰዓት አይፈጅበትም። ሁለቱንም የሚሆን አልሠራሁም። የምችል አይመስለኝም።»

መስኮቱን አየች። ከመስኮቱ ማዶ ሰው የሚተላለፍበትን መንገድ አየች። እጇን በልብሷ ላይ ጠረገችው።

«አላላው» አለችው።

«ትፈሪያለሽ።»

«እፈራለሁ እንጂ። ዛሬም ነገም አልተኛም።» በብረቶቹ መሐል እጇን አውጥታ የታጠፈ ኮሌታውን አቃናችለት። «ከሁለታችን አንዳችን መፍራት ካለብን ግን እኔ ልፍራ። እኔ ለምጄዋለሁ። አንተ ገና ጀማሪ ነህ፣ አልቻልክበትም።»

ጋሼ ፍርግርግ መሣሪያውን ከመሬት ለቃቅሞ በበሩ ገባ፣ ሞላውን ፈትቶ አላላ፣ ላሜራውን ቆርጦ ጠርዙን ሞረደ። ሲጨርስ ገለል አለላት። እህቱ መቀርቀሪያውን በክርኗ ገፋችው። ተከፈተ።